ከማርስ እስከ ምድር፦ የድንጋዮቹ ጉዞ እንዴት ታወቀ

ከማርስ የተነሡ ድንጋዮች ምድር ላይ ሲወድቁ የታየው እስካሁን አምስት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ኦክቶበር 3 ቀን 1815 ዓ.ም. በፈረንሳይ ሆነ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሰሜን ምሥራቅ የአገሪቱ ክፍል በምትገኘው ሻሲኚ በተባለች መንደር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ፣ እንደ ተኩስ ያለ ድምፅ ተደጋግሞ ተሰማ። በአቅራቢያው ወይን ማሳ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው አንድ ነገር እያፏጨ ከሰማይ ሲወርድ አየ። ከመሬት የተሰበሰበው ስባሪ አራት ኪሎ ግራም ያህል መዘነ።

ድንጋዩ የወደቀው በደህና ጊዜ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቀድሞ ቢወድቅ ኖሮ የአውሮፓ ሊቃውንት የባላገር ወሬ ብለው ሊያልፉት ይችሉ ነበር። ከሰማይ ድንጋይ ይወርዳል የሚለውን ነገር ጀርመናዊው ኤርንስት ክላድኒ በ1794 በመጽሐፍ ሲሟገትለት ብዙዎች ስቀውበታል። በ1803 ግን ላይግል በተባለች የፈረንሳይ ከተማ ዙሪያ በአንድ ቀን በሺህ የሚቆጠሩ ድንጋዮች ዘነቡ። የሳይንስ አካዳሚው የላከው ዣን ባፕቲስት ቢዮ ምስክሮቹን ጠይቆ፣ ድንጋዮቹን አይቶ፣ ነገሩ እውነት መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያሉት ድንጋዮች፣ ዛሬ ሜትዮራይት የምንላቸው፣ በየሙዚየሙ መደርደሪያ ክብር አገኙ። የሻሲኚውም ድንጋይ ከነዚህ አንዱ ሆነ፤ ብቻ ከጎረቤቶቹ ጋር አልመሳሰል አለ። በሌሎቹ ውስጥ የተለመደው የብረት ፍንጣሪ የለውም፤ አካሉ ከሞላ ጎደል ኦሊቪን የተባለው አረንጓዴ ቢጫ ማዕድን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ኦገስት 25 ቀን 1865 በሕንድ፣ በቢሃር ግዛት፣ ሸርጎቲ በተባለ ስፍራ ወደቀ። አምስት ኪሎ ግራም የሚመዝን ባዛልት መሰል ድንጋይ ነበር፤ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ የቀዘቀዘ ቅላጭ ይመስላል። በ1872 የቪየናው የማዕድን ሊቅ ጉስታቭ ቸርማክ ሲመረምረው ውስጡ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ነገር አገኘ፦ የፌልድስፓር ቅርጽ ይዞ የቀረ፣ ነገር ግን መስታወት የሆነ ማዕድን። በብሪቲሽ ሙዚየም የማዕድናት ኃላፊ በነበረው በኔቪል ስቶሪ ማስከሊን ስም ማስከሊናይት አለው። ይህ መስታወት በሙቀት ብቻ እንዳልመጣና ኃይለኛ ምት እንደሚፈጥረው በፈንጂ ሙከራ የታየው በ1963 ነው። ቸርማክ ሳያውቀው የለየው ነገር ድንጋዩ ከትውልድ ቦታው ሲባረር የደረሰበት የምት ጠባሳ ነበር።

ሦስተኛው የግብፅ ነው። ጁን 28 ቀን 1911 ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከእስክንድርያ በስተምሥራቅ በአቡ ሆሞስ ወረዳ፣ ናኽላ በተባለ መንደር ዙሪያ 40 ያህል ድንጋዮች ተበተኑ፤ ክብደታቸው በጠቅላላው 10 ኪሎ ግራም ደረሰ። ከስብርባሪዎቹ አንዱ ውሻ ገደለ የሚል ታሪክ ከዚሁ ውድቀት ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ይነገራል። የታሪኩ ምንጭ የአንድ ገበሬ ቃል ብቻ ነው፤ የውሻው ቅሪትም አልተገኘም። ሆኖም ውሻው ከድንጋዩ ይልቅ ዝና አተረፈ።

አራተኛው በሰሜን ናይጄሪያ፣ በካትሲና ክልል፣ ዛጋሚ በተባለ ቦታ የወረደው ነው። ኦክቶበር 3 ቀን 1962 አንድ ገበሬ ከበቆሎ ማሳው ቁራ ሲያባርር ሳለ፣ ከቆመበት ሦስት ሜትር ያህል ርቆ 18 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድንጋይ መሬቱን ቦርቡሮ ገባ። ሰውየው ከድንጋጤ በቀር ጉዳት አልደረሰበትም። ሻሲኚና ዛጋሚ በአንድ ቀን፣ በ147 ዓመት ልዩነት መውደቃቸው አጋጣሚ ነው፤ ከምሕዋር ጋር የሚያያይዘው ነገር የለም።

ሸርጎቲ፣ ናኽላ እና ሻሲኚ የሦስት ንዑስ ወገኖች ስም ሆኑ፤ ሊቃውንቱም የሦስቱን የመጀመሪያ ፊደላት አጣምረው በአንድነት ይጠሯቸው ጀመር። እስከ 1970ዎቹ ድረስ የነዚህ ድንጋዮች ልዩነት በሙዚየም ካታሎግ ላይ ከተጻፈ ማስታወሻ አላለፈም። ነገሩን የቀየረው የዕድሜ ልኬት ነው። የተለመዱት ሜትዮራይቶች ዕድሜ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የመጡት ከአስትሮይዶች ሲሆን፣ አስትሮይድ ትንሽ ስለሆነ ገና በሥርዓተ ፀሐይ ማለዳ ቀዝቅዞ ደርቋል። የናኽላ ድንጋይ ግን በሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ሲለካ ከቅላጭ የረጋው ከ1.3 ቢሊዮን ዓመት በፊት ሆኖ ተገኘ። የሸርጎቲ ወገኖች ከዚያም ያነሱ፣ አንዳንዶቹ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በታች ናቸው። እንግዲህ የትኛው አካል ነው በቅርብ ዘመን እሳተ ገሞራ የሚተፋ? አስትሮይድ አይሆንም። ጨረቃም ከዚያ በፊት ቀዝቅዛለች፤ የአፖሎ ጠፈርተኞች ከእሷ ያመጧቸው ድንጋዮችም በኬሚስትሪ አይመሳሰሏቸውም። ቬነስ ወፍራም አየር ለብሳለች፣ ስበቷም ኃይለኛ ነው። የቀረችው ትላልቅ እሳተ ገሞራዎቿ በመንኮራኩር ፎቶ የታዩት ማርስ ናት።

በ1979 ኤድዋርድ ስቶልፐርና ሃሪ ማክስዊን ይህን ሐሳብ በጽሑፍ አነሡት፤ ሌሎችም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ነገር አሉ። ሁሉም በጥንቃቄ ነበር የጻፉት፤ ምክንያቱም የተቃዋሚዎቹ ክርክር ጠንካራ ነበር። ማርስን ለመልቀቅ አንድ ነገር በሴኮንድ 5 ኪሎ ሜትር መፍጠን አለበት። እንዲህ የሚያስፈነጥር ግጭት ድንጋዩን ያቀልጠዋል፣ ወይም ያተነዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ የጨረቃ ጥያቄ ነው፦ ጨረቃ ቅርብ ናት፣ ለመልቀቅም በሴኮንድ 2.4 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ከማርስ ድንጋይ ከመጣ ከጨረቃማ ብዙ መምጣት ነበረበት፤ ታዲያ አንድ ስንኳ ለምን አልተገኘም?

መልሱ ከበረዶ ወጣ። በ1969 ወደ አንታርክቲካ የሄዱ ጃፓናውያን በያማቶ ተራሮች አካባቢ ባለ ሰማያዊ በረዶ ላይ ዘጠኝ ሜትዮራይቶች አነሡ፤ ሲመረመሩም የተለያዩ ዓይነቶች ሆኑ። አንድ ድንጋይ ተሰባብሮ የወደቀ ቢሆን ኖሮ ሁሉም አንድ ዓይነት በሆኑ ነበር። ስለዚህ በረዶው በሺህ ዓመታት የተቀበላቸውን ድንጋዮች ተሸክሞ ይጓዛል፤ ተራራ ሲያግደው ነፋስ ይልሰዋል፤ ድንጋዮቹ ከላይ ይቀራሉ። ከ1976 ጀምሮ በዊልያም ካሲዲ የሚመራ የአሜሪካ ቡድንም በየዓመቱ ይሄድ ጀመር። በጃንዋሪ 1982 ይህ ቡድን በአላን ሂልስ 31 ግራም የምትመዝን ድንጋይ አነሣ። በስሚዝሶኒያን የነበረው ብራያን ሜሰን ሲያያት የአፖሎን ናሙናዎች አስታወሰችው። በማርች 1983 ሂዩስተን በተደረገው ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ሁሉም ተመራማሪ በአንድ ድምፅ ከጨረቃ የመጣች ናት አለ። በምርምር ዓለም እንዲህ ያለ ስምምነት ብርቅ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ጨረቃን ምክንያት አድርጎ ማርስን መከልከል አልተቻለም።

በዚያው ዓመት ሁለተኛው ማስረጃ ከዚሁ በረዶ መጣ። ቡድኑ በ1980 መጀመሪያ በኤሌፋንት ሞሬይን ያገኘው፣ 7.9 ኪሎ ግራም የሚመዝን የሸርጎቲ ወገን ድንጋይ፣ በውስጡ ጥቁር የመስታወት ኪሶች ነበሩት፤ እነዚህ በምቱ ቀልጠው ወዲያው የረጉ ናቸው። በናሳ የጆንሰን ማዕከል የሚሠሩት ዶናልድ ቦጋርድና ፕራት ጆንሰን መስታወቱን አሙቀው ውስጡ የታሰረውን ጋዝ ለኩ። ሁለቱ የፈለጉት ዕድሜውን ነበር፤ ያገኙት ግን አየር ነው። የአርጎን 40 መጠን ከአርጎን 36 ጋር ሲነጻጸር በምድር አየር 296 ነው። በመስታወቱ ውስጥ ከ2,000 በላይ ሆነ። በ1976 ማርስ ላይ ያረፉት የቫይኪንግ መንኮራኩሮች የማርስን አየር ሲለኩ 3,000 ገደማ አግኝተው ነበር። ዜኖንም፣ ክሪፕተንም፣ ኒዮንም ተስማሙ። በቀጣዩ ዓመት ሪቻርድ ቤከርና ሮበርት ፔፒን ናይትሮጅኑን ጨመሩ። የቫይኪንግ ውጤት በአንድ የግራፍ ዘንግ፣ የመስታወቱ ጋዝ በሌላው ዘንግ ሆነው ሲነጻጸሩ ነጥቦቹ ከብዙው ጋዝ እስከ ጥቂቱ ድረስ በቀጥታ ተሰለፉ። ግጭቱ ድንጋዩን ሲያቀልጥ የማርስን አየር ውስጡ ቆልፎበታል ከማለት በቀር ሌላ ማስረዳት የሚችል አልተገኘም።

ለቀሪዎቹ ድንጋዮች ቤተሰብነታቸውን የመሰከረው ኦክስጅን ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ክሌይተንና ቶሺኮ ማዬዳ እንዳሳዩት፣ የሦስቱ የኦክስጅን አይሶቶፖች ምጣኔ በየፕላኔቱ የተለየ ነው። ሸርጎቲ፣ ናኽላና ሻሲኚ ሁሉም ከምድር በትንሹ ከፍ ባለ አንድ መስመር ላይ ተገኙ፤ ስለዚህ የመስታወት ኪስ ያለው አንዱ ማርሳዊ ከሆነ ሁሉም ማርሳውያን ናቸው። በ2013 ማርስ ላይ ያለው ኪዩሪዮሲቲ የተባለው ተሽከርካሪ አርጎንን ከቫይኪንግ በላቀ ትክክለኛነት ሲለካ ውጤቱ ከሜትዮራይቶቹ ጋር ገጠመ። በዚህ ነጥብ ላይ ክርክሩ ያለቀ ነው።

ከየት እንደመጡ ከታወቀ በኋላ እንዴት የሚለው ቀረ። ጄይ ሜሎሽ በ1984 እና በ1985 ያወጣቸው ጽሑፎች የመጀመሪያውን ግማሽ መለሱ። ትልቅ አስትሮይድ ፕላኔት ሲመታ የግፊት ማዕበል በድንጋዩ ውስጥ ወደ ውጭ ይጓዛል። ማዕበሉ ወደ ገጽ ሲደርስ ከላይ ምንም የሚጫነው ስለሌለ ተገልብጦ ይመለሳል፤ መጪውና ተመላሹ እየተጣፉ የላይኛው ቀጭን ንጣፍ ላይ ያለው ግፊት ዝቅተኛ ይሆናል። ፍጥነቱ ግን ከፍተኛ ነው። ሰፌድ ከሥር ሲመታ ከላይ ያለው እህል እንደሚዘል፣ ከግጭቱ ራቅ ያለው የላይኛው ድንጋይ ሳይቀልጥ ወደ ላይ ይፈናጠራል። የማርሳውያኑ ድንጋዮች ሁኔታም ከዚህ ጋር ይስማማል። የሸርጎቲ ወገኖች ከ30 ጊጋ ፓስካል በላይ ግፊት ቀምሰዋል፤ የናኽላ ወገኖች ግን ከዚያ በእጅጉ ባነሰ ግፊት፣ ማዕድኖቻቸው ብዙም ሳይጎዱ ወጥተዋል።

ሁለተኛው ግማሽ የመንገዱ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ተመራማሪዎቹ ለአሥር ዓመት ያህል ተሳስተው ቆዩ። ከምድር ከባቢ ውጭ ያለ ድንጋይ ያለማቋረጥ በኮስሚክ ጨረር ይመታል። ጨረሩ አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ድረስ ገብቶ አቶሞችን እየሰበረ ሄሊየም 3፣ ኒዮን 21 እና አርጎን 38 ይፈጥራል። ፕላኔት ላይ ተቀብሮ የነበረ ድንጋይ ከዚህ የተጠበቀ ነው፤ ጠፈር ሲገባ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ምድር ሲወድቅ አየሩ ይሸፍነዋልና ሰዓቱ ይቆማል፤ ከዚያም የተፈጠሩት ሬዲዮአክቲቭ አቶሞች እየጠፉ ሲሄዱ ደግሞ ድንጋዩ ምድር ላይ ስንት ዘመን እንደቆየ ይናገራሉ። ሁለቱ ሲደመሩ ከማርስ የተነሣበት ዘመን ይገኛል።

ውጤቱ አስገራሚ ሆነ። የናኽላና የሻሲኚ ወገኖች በሙሉ ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተነሥተዋል፤ ስለዚህ የአንድ ግጭት ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም። ሸርጎቲና ዛጋሚ ከ3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወጡ። አየሩን የያዘው የኤሌፋንት ሞሬይን ድንጋይ ደግሞ ጠፈር ላይ የቆየው 700,000 ዓመት ያህል ብቻ ነው። ጆርጅ ዌዘሪል በ1984 በሠራው የምሕዋር ስሌት መሠረት ግን ከማርስ የሚነሡ ስባሪዎች ምድርን ለማግኘት ከዚህ የሚረዝም ጊዜ መቅበዝበዝ ነበረባቸው። አን ቪከሪና ሜሎሽ በ1987 መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ይህን ነው፦ ከ100 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ጉድጓድ የፈጠረ አንድ ግዙፍ ግጭት ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቤት የሚያካክሉ ቋጥኞችን ወረወረ፤ ቋጥኞቹ መሐላቸውን ከጨረር ሸሽገው ቆይተው በኋላ ጠፈር ላይ ተሰባበሩ። ከዚህ በኋላ ነው የጨረሩ ሰዓት የጀመረው። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ችግሩ ያልታየ ግጭትን ባልታየ መሰባበር ማስረዳቱ ነው።

በ1996 ብሬት ግላድማንና ባልደረቦቹ የዌዘሪልን ዘዴ ተዉት። ዌዘሪል ፕላኔቶች ከስባሪዎች ጋር የሚገናኙበትን ዕድል በአማካይ ያሰላ ነበር። ግላድማን ግን በኮምፒዩተር እያንዳንዱን ስባሪ ከማርስ አስነሥቶ፣ የሁሉንም ፕላኔቶች ስበት እያሰላ፣ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ተከተለው። የታየው መንገድ እንዲህ ነው።

ማርስ ፀሐይን የምትዞረው በአማካይ በ228 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ነው፤ ምድር ደግሞ በ150 ሚሊዮን። ከማርስ ስበት ገና ያመለጠ ስባሪ ወደ ምድር አያቀናም። የማርስን ምሕዋር ተከትሎ፣ አንዳንዴ በጥቂቱ ወደ ውስጥ፣ አንዳንዴ ወደ ውጭ እያጋደለ ፀሐይን ይዞራል። የሚያልፍበት ቦታ የማርስን መንገድ ስለሚያቋርጥ ደጋግሞ ከእናቱ ጋር ይገናኛል። ከፊሉ ተመልሶ እዚያው ይወድቃል፤ ከፊሉ በስበቷ እየተወነጨፈ ምሕዋሩ ይለወጣል። እስከዚህ ድረስ ዌዘሪልም ያውቀው ነበር።

የግላድማን ስሌት ያሳየው ሌላ ነገር ነው። ምሕዋር በራሱ ጠፈር ላይ ቋሚ አይደለም፤ ቀስ እያለ አቅጣጫውን ያዞራል። የስባሪው ምሕዋር የሚዞርበት ፍጥነት የሳተርን ምሕዋር ከሚዞርበት ጋር ሲገጥም የሳተርን ጉተታ በአንድ አቅጣጫ ይጠራቀማል፤ ምሕዋሩም ከክብነት ወደ ሞላላነት ይዘረጋል። እንዲህ ያለው መስማማት በተለይ ከአስትሮይድ ቀበቶ ውስጠኛ ጠርዝ አጠገብ ያይላል። አንድ ስባሪ እዚያ ከገባ ለፀሐይ የሚቀርብበት ነጥብ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ የምድርን ምሕዋር አቋርጦ፣ ብዙ ጊዜም ፀሐይ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ይቀርባል። ይህ አቋራጭ የጉዞውን ጊዜ አሳጠረው፤ ከፍተኛውን ክፍልም አጠፋው። በተጓዦቹ ላይ በአስትሮይድ ቀበቶ ያለው ግጭት ሲጨመር ደግሞ ዘግይተው የሚመጡት ይመናመናሉ። ስለዚህ ምድር ላይ የሚገኙት ድንጋዮች ጠፈር ላይ የቆዩት ከ20 ሚሊዮን ዓመት ያልበለጠ መሆኑ የሚያስደንቅ አልሆነም። ትልልቅ ቋጥኞች ደብቀዋቸው ነበር ማለትም አላስፈለገም። ከማርስ ከሚያመልጡት ውስጥ ምድርን የሚመቱት ከመቶ ከአሥር በታች ናቸው፤ የብዙዎቹ መጨረሻ ፀሐይ ናት።

የጉዞው የመጨረሻ ደቂቃዎች ፈጣን ናቸው። የምድር ስበት ብቻውን አንድን አካል በሴኮንድ ወደ 11.2 ኪሎ ሜትር ያደርሰዋል፤ ማርሳዊ ድንጋይም ከዚህ ባላነሰ ፍጥነት ከባቢ አየሩን ይመታል። ውጪው ቀልጦ ጥቁር ቅርፊት ይሆናል፤ ውስጡ ግን ለመሞቅ ጊዜ አያገኝም። ማርሳዊ ድንጋይ አየር ውስጥ ሲገባ በብዙ ካሜራዎች ተነሥቶ ምሕዋሩ የተለካበት ጊዜ የለም። ስለ መንገዱ የሚታወቀው ሁሉ የጨረር ሰዓትና ስሌት ሲገጣጠሙ የተገኘ ነው።

ግላድማን ውጤቱን ባወጣበት 1996 ዓ.ም. የዓለም ዓይን ግን ሌላ ድንጋይ ላይ ነበር። ዲሴምበር 27 ቀን 1984 ሮበርታ ስኮር በአላን ሂልስ ያነሣችው፣ 1.9 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው ድንጋይ፣ በስሕተት ከአስትሮይድ ወገን ተመድቦ ለዓመታት በመጋዘን ቆየ። ማርሳዊነቱን ዴቪድ ሚትልፌልት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለየው። የረጋው ከ4.1 ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ከማርስ ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተነሣ፤ አንታርክቲካ የወደቀው ከ13,000 ዓመት በፊት ነው። በኦገስት 1996 ዴቪድ ማኬይና ባልደረቦቹ በካርቦኔት ጠብታዎቹ ውስጥ የጥንት ረቂቅ ሕይወት ምልክት አገኘን አሉ። ፕሬዚዳንት ክሊንተንም በዋይት ሐውስ ቅጥር ግቢ ወጥቶ ስለ ጉዳዩ ተናገረ። በቀጣዮቹ ዓመታት ምልክቶቹ አንድ በአንድ ያለ ሕይወት ሊፈጠሩ እንደሚችሉ ስለታየ አብዛኛው ተመራማሪ አልተቀበለውም። ለጉዞው ታሪክ የሚጠቅመው ግን በ2000 የወጣ ሌላ ጥናት ነው። ቤንጃሚን ዋይስና ባልደረቦቹ በድንጋዩ ውስጥ የቀረውን ደካማ ማግኔታዊነት ተመልክተው፣ መሐሉ ማርስን ከመልቀቁ በፊት ጀምሮ ከ40 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ሞቆ እንደማያውቅ አሳዩ። ማስፈንጠሩም፣ ጠፈሩም፣ የምድር አየርም ከዚያ በላይ አላሞቁትም።

በ2002 ጄምስ ሄድ፣ ሜሎሽና ቦሪስ ኢቫኖቭ አንድ ማርሳዊ ሜትዮራይት ለማስነሣት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ጉድጓድ የሚፈጥር ግጭት እንደሚበቃ አሰሉ፤ ግጭቱ የሚደርሰው ጠንካራ ወጣት ቅላጭ ላይ ከሆነ ነው። በጥንታዊ የማርስ መሬት ላይ የላይኛው ንጣፍ በብዙ ግጭት የተፈረካከሰ ስለሆነ ኃይሉን ይውጠዋል። አብዛኛው የማርስ ገጽ ያረጀ ሆኖ ሳለ ከዚያ የሚመጡት ድንጋዮች ለምን ወጣት እንደሚበዙባቸው ከሚሰጡት ምክንያቶች ይህ የሚያሳምነው ነው።

በሌላ በኩል ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የናሙናው ብዛት በሰሃራና በኦማን በረሃዎች ምክንያት ጨመረ። ጁላይ 18 ቀን 2011 ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደቡብ ሞሮኮ በእሳታማ ብርሃን ተሞላ፤ በኦክቶበር ዘላኖች በቲሲንት መንደር አካባቢ ትኩስ ቅርፊት ያላቸውን ጥቁር ድንጋዮች ማግኘት ጀመሩ። ይህ አምስተኛው የታየ ውድቀት ነው። በካዛብላንካው የሐሰን ሁለተኛ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ሐስናእ ሸናዊ አውጀሃን የመራችው ቡድን ውጤቱን በ2012 አወጣ። ዝናብ ስላልነካው የማርስን አየር የያዘው መስታወቱ ሳይበላሽ ለጥናት በቃ። በዚያው 2011 ከሞሮኮ ነጋዴዎች የተገዛ፣ 320 ግራም የሚመዝን ጥቁር ድንጋይም ነበር። በ2013 ካርል ኤጂና ባልደረቦቹ እንደዘገቡት ከሌሎቹ ማርሳውያን አሥር እጥፍ ያህል ውኃ ይዟል፤ የዚሁ ድንጋይ ቤተሰብ የሆነ ስባሪ ውስጥም 4.4 ቢሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የዚርኮን ፍሬዎች ተገኙ። ከዚህ ቤተሰብ ፍሬዎች የሚያረጅ የማርስ ቁራጭ በእጅ የለም።

የቀረው ጥያቄ ጠባብ ነው፦ ከየትኛው ጉድጓድ? በ2022 በአውስትራሊያ ከርቲን ዩኒቨርሲቲ አንቶኒ ላጋን የመራው ቡድን፣ በማርስ ፎቶዎች ላይ 90 ሚሊዮን ያህል ትናንሽ ጉድጓዶችን በኮምፒዩተር አስቆጥሮ፣ የጥቁሩን ድንጋይ መነሻ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ወዳለው፣ ስፋቱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሆነው ካራታ ጉድጓድ አያያዘ። ቦታው በደቡብ የማርስ ደጋ ነው። በ2024 የአልበርታ ዩኒቨርሲቲው ክሪስ ኸርድና ባልደረቦቹ ደግሞ 200 ያህል ማርሳውያን ድንጋዮች ከአሥር ገደማ ግጭቶች እንደመጡ፣ የተነሡትም ከገጹ 26 ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት እንደሆነ አስልተው፣ በታርሲስና በኤሊሲየም የእሳተ ገሞራ አውራጃዎች አምስት ጉድጓዶችን ለየብቻ ጠቆሙ። እነዚህ መጠቆሚያዎች ጠንካራ ግምት ናቸው እንጂ ማረጋገጫ አይደሉም፤ ማረጋገጫ የሚሆነው ቦታው ከታወቀ መሬት የተወሰደ ናሙና ምድር ላይ ሲመጣ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የተጓዘም አለ። በ1999 በኦማን ሳይህ አል ኡሃይሚር የተገኘ ማርሳዊ ሜትዮራይት ቁራጭ ከፐርሲቪራንስ ተሽከርካሪ ጋር ተጭኖ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2021 በማርስ ጄዜሮ ጉድጓድ ውስጥ አረፈ። ሥራው የተሽከርካሪው መሣሪያ ልኬቱን የሚያስተካክልበት መነጻጸሪያ መሆን ነው።

ትልቁ ማርሳዊ ድንጋይ፣ 24.67 ኪሎ ግራም የሚመዝነው፣ በ2023 በኒጀር አጋዴዝ በረሃ ተገኘ። በጁላይ 2025 ኒው ዮርክ ላይ በሶዝቢስ የጨረታ ቤት ክፍያውን ጨምሮ በ5.3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የኒጀር መንግሥት ድንጋዩ ከአገር የወጣበትን መንገድ ለማጣራት ምርመራ ከፈተ፤ የከበሩ ድንጋዮችንና ሜትዮራይትን ወደ ውጭ መላክም አገደ።